ተሰጥታለች

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የዓለምዘርፍ አንድ ጊዜ ሳትጠረጥር ተመንጥራ ስላየችው፣ ከዚያ ወዲህ የማትጠረጥረው ነገር አልነበረም። የሱቁን ሚዛን ትጠረጥራለች። «ፍሪ» የሚል ማስታወቂያ ትጠረጥራለች። ከሁሉ አብልጣ የምትጠረጥረው ግን ወረቀት ነው፤ በተለይ ከግርጌው ረጅም መስመር ተሰምሮበት፣ ከመስመሩ መነሻ ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት የተደረገበትን።

የተመነጠረችው እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ላይ፣ እሷና ባሏ ንጉሴ በስደት በሚኖሩበት ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላንድማርክ አካባቢ ኮንዶ ገዙ። ገዙ ይባል እንጂ ፈረሙ ማለቱ ይቀላል። ያስፈረማቸው ዓምደሚካኤል የሚባል፣ ቤት የሚያሻሽጥ፣ እሑድ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት የሚቆም ያገራቸው ሰው ነው። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ አሳደዳቸው። ከቅዳሴ መልስ ፓርኪንጉ ላይ እየጠበቀ፣ «ጋሽ ንጉሴ፣ ዕድሜ ልክዎን በኪራይ የሰው ግድግዳ ሲቀቡ ሊኖሩ ነው?» ይል ነበር። በፈረሙበት ቀን የወረቀቱ ቁልል አንድ ስንዝር ይሆናል። የዓለምዘርፍ ያገሯን ፊደል በመሠረተ ትምህርት ዘመን ለይታለች፤ የፈረንጁን ግን ኤምን ከደብልዩ አትለይም ነበር። ዓምደሚካኤል ገጹን እየገለጠ «እዚህ ጋ፣ እቴ። እዚህም። ይቺ እንኳ እንዲያው ለወጉ ናት» ይላታል። ንጉሴም በጎን ሆኖ «ጥሩ ወረቀት ነው፣ ፈርሚ» አላት። ፈረመች።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የወሩ ክፍያ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። በሦስተኛው ዓመት ባንኩ ቤቱን ወሰደው፤ ከሥራ ሲመለሱ በሩ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ ጠበቃቸው። ዓምደሚካኤል በርክ የሚባል ሰፈር ጓሮው ጫካ የሚያዋስን ቤት ገባ ተባለ። እነሱ አልጋቸውን በሰው ቫን ጭነው፣ ወንዙን ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ገቡ። የዓለምዘርፍ ያን ቀን፣ ባዶው ሳሎን መሀል ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ «ራሴ ያላነበብኩትን ወረቀት ከእንግዲህ ብፈርም እጄ ይቆረጥ» ብላ ማለች።

መሐላ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በአርባ ዓመቷ ላይብረሪ ሄዳ የአዋቂዎች ንባብ ክፍል ተመዘገበች። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ የሕፃናት ስዕል ያለበት መጽሐፍ ይዛ ከኤ ጀመረች። ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት። አሁን የመድኃኒት ብልቃጥ ታነባለች፤ የአውቶቡስ ማስታወቂያ ታነባለች፤ ከማብራሪያ ጋር ደግሞ አጭር ደብዳቤ።

እናም በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ ዛፎቹ ማበብ በጀመሩበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት ደብዳቤ መጣ።

ፖስታው ወፍራም ነው። ጥጉ ላይ የካውንቲው፣ የአካባቢው መስተዳድር ማኅተም አለ። «ለዮዲት ንጉሴ ወላጆች» ይላል። ዮዲ አንዲት ልጇ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሦስተኛ ክፍል። የዓለምዘርፍ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠችና ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀመጠች።

«ልጅዎ» የሚለውን አወቀችው። ቀጥሎ ያለው ረጅም ነው፤ በክፍል በክፍል ቆራርጣ ጠራችው። አይ፣ ደን፣ ቲ፣ ፋይድ። አይደንቲፋይድ! ይህንንማ ታውቀዋለች፤ በቴሌቪዥን ዜና ሌባ ሲያዝ፣ ሬሳ ሲገኝ የሚሉት ነው። ጣቷን ቶሎ አሳለፈች። ቀጥሎ ያለው «ጊፍት» ነው። ስጦታ። ግን ጫፉ ላይ ኢና ዲ አለው። ኢና ዲን ባለፈው ሳምንት ነው የተማሩት። ቲቸሯ፣ ጡረታ የወጣች ነጭ ፀጉር ሴትዮ፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፦ በሩ ክሎዝድ፣ ተዘግቷል፤ መኪናው ፓርክድ፣ ቆሟል፤ ግድግዳው ፔይንትድ፣ ተቀብቷል። ኢና ዲ ካለበት ነገሩ አልቋል፣ ተደርጓል ማለት ነው ብላለች።

ጊፍትድ። ተሰጥታለች።

የዓለምዘርፍ ከወንበሩ ተነሥታ በሩን ቆለፈችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከታች ደግሞ «ፕሌስመንት» የሚል አለ። ይህን ቃል የት እንደሰማችው አትረሳም። ሦስተኛ ፎቅ የነበረችው ሴት ልጇን ካውንቲው የወሰደባት ጊዜ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ስትደጋግመው ነበር። ፕሌስመንት፣ ፕሌስመንት። «ሴንተር» ይላል፤ ሴንተር ሰው የሚታሰርበትም ቦታ ይባላል። ከዚያ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል። ከዚያ «እስከ ዓርብ»። ከዚያ ረጅሙ መስመርና ትንሿ ኤክስ።

የምታውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ከክፉ ቀን የለቀመችው ነበር፤ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ሌላ ያነብ ይሆናል።

ዮዲ መኝታ ቤት ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጠራቻት።

«ሚጢ፣ በጥር ወር አንዲት ሴትዮ መጥታ ጠየቀችኝ ብለሽኝ ነበር?»

«ኦ፣ ያቺ። ቴስት ነው ማሚ። ሁላችንንም ነው።»

«ስለ ቤታችን ጠየቀችሽ?»

«ኖ።»

«ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ማን አለ ብላ አልጠየቀችሽም?»

«ማሚ፣ ስለ ትራያንግል ነው የጠየቀችኝ።»

የዓለምዘርፍ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ዮዲ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ብቻዋን ነው የምትውለው፤ በሩን ቆልፋ፣ ለማንም ሳትከፍት፣ ስልኩን ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሲዘጋና እንደገና ሲጠራ ብቻ እያነሣች። ይህን ሰው ከሰማ ምን እንደሚል እናቲቱ ታውቃለች። ደብዳቤውን ዮዲ እንድታነብላት አልጠየቀቻትም። አምና የትምህርት ቤት ሪፖርት ሲመጣ ዮዲ ናት የተረጎመችው፤ «ክፍል ውስጥ በጣም ትረብሻለች» የሚለውን «ክፍል ውስጥ በጣም ትሳተፋለች» ብላ። የዓለምዘርፍ ለመምህርቷ ድፎ ዳቦ ይዛ ለምስጋና ሄዳ ነው እውነቱን ያወቀችው።

የንባብ ክፍሏን ቲቸር እንዳትጠይቅ፣ ሴትዮዋ የወለደች ልጇን ልትጠይቅ ፍሎሪዳ ሄዳለች፤ ሳምንቱን ክፍል የለም።

ማክሰኞ ንጉሴ ታክሲውን ይዞ ወደ ኤርፖርት ከመውጣቱ በፊት ምሳውን ሲበላ ሰጠችው። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ አነበበ፣ ከንፈሩን ጠረገ።

«ጥሩ ወረቀት ነው፤ ፈርሚ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ራሱም ያለውን ሰማና ሹካውን አስቀመጠ።

«ያኔም ይህንኑ ነው ያልከኝ። ቃል በቃል።»

«ያኔ ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ልጅቷ ጎበዝ ናት ነው የሚለው።»

«ጎበዝማ ስማርት ነው። ስማርት የሚል የት አለ? በጣትህ አሳየኝ።»

«ጊፍትድ ይላል አይደለም እንዴ! ጊፍትድ ማለት እኮ... ተሰጥኦ ያላት ማለት ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ተሰጥታለች!»

«ተሰጥኦ ነው ያልኩሽ አንቺ ሴት፣ ተሰጥታለች አላልኩም!»

«ተሰጥኦስ ከምን መጣ? ከሰጠ አይደለም? ሰጪ ካለ ተቀባይ አለ። እኔ አልሰጠሁ። አንተ ሰጥተህ እንደሆነ ንገረኝ።»

«እግዚአብሔር ነዋ የሰጣት!»

«እግዚአብሔር በካውንቲ ማኅተም ደብዳቤ መጻፍ የጀመረው መቼ ነው?»

ንጉሴ ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። «ቆይ፣ ዓምደሚካኤልን ኮል አድርጌ...» ብሎ ጀመረና ያንንም ራሱ ዋጠው። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ ሀጀራን አገኘቻትና ደብዳቤውን አሳየቻት። ሀጀራ የወሎ ሴት ናት፤ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ የንባብ ክፍሉም ውስጥ ከጎኗ ነው የምትቀመጠው።

«የዓለምዬ፣ እኔ ላስፈራራሽ አይደለም» አለች ሀጀራ። እንዲህ ብላ የጀመረች ቀን ነው ሰው የምታስፈራራው። «ግን ፕሌስመንት ነው ያልሽኝ?»

«ፕሌስመንት።»

«ሲወስዱ በጉልበት አይደለም እኮ የሚጀምሩት። በፈገግታ ነው። በአውቶቡስ። መጀመሪያ ቀን ቀን ይወስዷታል፤ ጥሩ ምሳ ያበሏታል፤ ከዚያ እሷው ራሷ፣ እነዚያ ቤት ይሻለኛል ትላለች።»

«እነዚያ የትኞቹ?»

«የትምህርት ቤቱን አድራሻ አላየሽም? ከፓርኩ ማዶ ነው፤ አንቺ የምታጸጂበት ሰፈር። እዚያ የሚኖር ልጅ ያጣ ነው እንጂ ገንዘብ ያጣ አለ?» ሀጀራ የማድረቂያውን በር ዘጋች። «አልፈርምም በዪ። ያልፈረመ ሰው ምን ይሆናል?»

እውነቷን ነው፤ ሮክ ክሪክ ፓርክ ካውንቲውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚህ ወገን ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ አፓርታማ፣ በየበረንዳው ብስክሌትና ብርድ ልብስ። አውቶቡሱ ጫካውን አቋርጦ ሲወጣ፣ ያው ፖሊስ፣ ያው ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና፣ ያው የካውንቲ ማኅተም ነው፤ ቤቶቹ ግን እርስ በርስ ላለመተያየት ተራርቀው የቆሙ ናቸው። የዓለምዘርፍ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የምታጸዳበት የሚስ ሎሪ ቤት ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ብቻ የእነ ዮዲን መኝታ ያክላል። አምስት ዓመት ሠርታበታለች። ሚስ ሎሪ ክፉ ሴት አይደለችም። ገና ሲመጣ ካርድ ትሰጣለች፤ የልጇን የኮኖርን የጠበበ ኮት ለዮዲ ትሰጣለች። ኮኖር የዮዲ እኩያ ነው።

ረቡዕ የዓለምዘርፍ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ሌላ የምትጠይቀው ሰው ስላጣች ነው እንጂ አምናትስ አይደለም። ሚስ ሎሪ ቆማ ቡናዋን እየጠጣች ነበር። ደብዳቤውን ተቀበለች፣ ማንበብ ጀመረች፣ ሲኒዋን አስቀመጠች። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች።

«ይህ የአንቺ ልጅ ወረቀት ነው? የትንሿ ዮዲ?»

«አዎ። መጥፎ ወረቀት ነው?»

«መጥፎ አይደለም። አይደለም።» ሚስ ሎሪ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ አደረገች። «ማን አዘጋጃት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ጧት ጧት። ፀጉሯን እሠራለሁ፣ ቁርስ አበላታለሁ፣ ጫማዋን...»

«አይ፣ ለፈተናው ማለቴ ነው። አስተማሪ ነበራት? መጽሐፍ? ምናልባት እዚህ ይዘሻት የመጣሽ ጊዜ የኮኖርን...» ሚስ ሎሪ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። በረዶ የጣለ ቀን ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዓለምዘርፍ ዮዲን ይዛ መጥታ ነበር፤ ልጅቱ ደረጃው ሥር ተቀምጣ የዋለችው የራሷን መጽሐፍ ይዛ ነው።

«ልጄ ዕቃ አትነካም» አለች የዓለምዘርፍ። ቃሉ ሳይገባት ነገሩ ገብቷታል፤ ጥርጣሬን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሚስ ሎሪ ቶሎ ፈገግ አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው፣ ስለ ርቀቱ ነገረቻት። አውቶቡሱ ጧት በጣም ማለዳ ነው አለች። እዚያ ያሉት ልጆች በየበጋው ባሕር ማዶ ይሄዳሉ፣ ፈረስ ይማራሉ፤ ዮዲ ብቸኝነት ይሰማታል አለች። ሥራውም ከባድ ነው፤ እቤት የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋል። «እኔ አንቺን ብሆን በደንብ አስብበት ነበር። ግዴታ የለም። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ዓርብ ይዘሽው ነዪ፤ መሙላቱን አግዝሻለሁ፣ ቢሮውም መንገዴ ላይ ስለሆነ እኔው አደርስልሻለሁ።»

ትከሻዋን ዳበሰቻት። ቁልፏን ይዛ ወጣች።

የዓለምዘርፍ መጥረጊያ ጨርቋን ይዛ ወጥ ቤቱ መሀል ቆመች። እምቢ በዪ የሚላት ሰው እምቢ ልትል ስትፈልግ ሲመጣላት፣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። «እዚህ ጋ፣ እቴ» ያለው ድምፅ ነው። ዓምደሚካኤል ፈርሚ አላት፤ ይቺ ደግሞ አትፈርሚ ትላታለች፤ ዜማው ግን አንድ ነው። እኔው አደርስልሻለሁ? አምስት ዓመት ሙሉ ቤትሽ መንገዴ ላይ ነው ብላ በመኪናዋ አድርሳት የማታውቅ ሴት?

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ልጥ ይሁን እባብ ለማየት ግን ጎንበስ ማለት ይጠይቃል።

ሥራዋን ጀመረች። ማቀዝቀዣው ብረት ስለሆነ ጣት የነካው ሁሉ ይታይበታል፤ በላዩ የተለጠፈውን እያነሣች ከወለወለች በኋላ እንደነበረ መመለስ ልማዷ ነው። የጥርስ ሐኪም ካርድ፣ የውሻው ፎቶ። ከቀይ ሸርጣን ማግኔት ሥር የተንጠለጠለውን ወረቀት ስታነሣ ግን እጇ ቆመ። ያው ማኅተም ነው። ያው አርማ፣ ያው ዓርብ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን ታውቃለች። ግን ለመወልወል ማንሣቷ የማይቀር ነው፤ ዓይን ደግሞ አንዴ ማንበብ ከለመደ የሚከለክለው የለም።

«ልጅዎ ኮኖር» ይላል። ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር አላወቀችውም። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ሁለት ቃል ደምቆ ተጽፏል፤ እነዚያን ለማንበብ ጣት እንኳ አላስፈለጋትም። ዌይት ሊስት፣ ተራ ጠባቂ።

ይህን የማያውቅ የሰፈሯ ሰው የለም። የኪራይ ድጎማ ቤት ያመለከተ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ በየዓመቱ፣ ከዚያው ማኅተም ጋር፣ «ስምዎ አሁንም ዌይት ሊስት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ይደርሳታል። ማንበብ ሳትችል በመልኩ ያወቀችው ቃል ነው፤ ከስሟ ቀጥሎ።

ኮኖር ዌይት ሊስት ላይ ነው። የሚስ ሎሪ ልጅ። ቤቱ ድረስ አስተማሪ የሚመጣለት ልጅ።

ያኔ ነው ያለፈው መኸር ሁሉ በአንድ ጊዜ የገባት። ረቡዕ ረቡዕ ቀጭን ሰውዬ ቦርሳውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከኮኖር ጋር ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ እነሱ ሲነሡ የዓለምዘርፍ የላጲስ ፍርፋሪውን ትጠርጋለች። ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ስዕል ሁሉ ትራያንግል ነበር። ትራያንግል በትራያንግል ውስጥ፣ ግማሹ የጠቆረ፣ ግማሹ የተገለበጠ። «ማሚ፣ ስለ ትራያንግል ነው የጠየቀችኝ።»

የዓለምዘርፍ ወረቀቱን በያዘችበት ማሰብ ጀመረች። ቅጣት ለመቀበል ተራ የሚጠብቅ ሰው በዓለም ላይ አለ? የለም። ሰው የሚሰለፈው ለስኳር ነው፣ ለዘይት ነው፣ ለቤት ነው፤ ለመልካም ነገር ነው። የላንድማርኩን ኮንዶ ማንም ተሰልፎ አልጠበቀውም ነበር። እሱ ነው እነሱን ያሳደደው፤ በስልክ፣ በፓርኪንግ። እሷን እያሳደደ የመጣ ነገር ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ አግኝታዋለች። ይህ ግን ሚስ ሎሪ ራሷ ቆማ ተራ የምትጠብቅለት ነገር ነው። ተራው የሚደርሳት ደግሞ፣ ከፊት ያለ አንድ ሰው «እምቢ» ሲል።

ሸርጣኗን በቦታዋ መለሰቻት።

ሐሙስ፣ ንባብ ክፍል በሚኖርበት ሰዓት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ዮዲ ከጎኗ ቆመች።

«ማሚ፣ አይ ካን ሪድ ኢት። ላንብብልሽ?»

«የሪፖርቱ ተርጓሚ! አንቺ ተቀመጪ። ስሳሳት ብቻ አርሚኝ።»

«ሀጀራ ይወስዱሻል አለችኝ» አለች ዮዲ ድንገት፣ በአማርኛ። «እውነት ነው?»

የዓለምዘርፍ ቀና አለች። ልጅቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣለች። እሷ የፈራችውን ፍርሃት ልጅቱም ሦስት ቀን ይዛው መዞሯን እስካሁን አላየችም ነበር።

«አንብቤ ስጨርስ እነግርሻለሁ» አለቻት። «ሳላነብ አልዋሽሽም።»

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ዮዲ ሰባት ጊዜ አረመቻት፤ አምስቱን ተቀበለች፣ ሁለቱን መዝገበ ቃላት ከፍታ አጣራች። አይደንቲፋይድ ሌባ ብቻ አይደለም፤ ተለየች፣ ታወቀችም ነው። ፕሌስመንት ቦታ ማግኘት ነው፤ ሴንተሩም ጎበዝ ልጆች ተለይተው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ልጅቱ በየቀኑ እቤቷ ትመለሳለች፤ ይህን አራት ጊዜ አነበበችው። ከግርጌ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። እነሱን ማንም ሳይነግራት አወቀቻቸው። «ዲክላይን» የሱቁ ካርድ ማሽን የሚለው ነው፤ ሰው ከኋላ ተሰልፎ ሳለ፣ ዕቃሽን መልሺ ሲልሽ። «አክሰፕት» ደግሞ የዚያው ሱቅ በር ላይ የተለጠፈው፤ የምግብ ካርድ እንቀበላለን የሚለው።

«አይወስዱሽም» አለቻት። «የሚወስዱሽ ቢሆን እነ ኮኖር አይሰለፉበትም ነበር።»

አክሰፕት ላይ ምልክት አደረገች። ስሟ ከመስመሩ ስለሚረዝም ጫፉ ወደ ላይ ታጠፈ።

ዓርብ ጧት ዮዲን ይዛ ልጅቱ አሁን የምትማርበት ትምህርት ቤት ቢሮ ገባች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ መሳቢያ ልትከት ስትል፣ የዓለምዘርፍ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኮፒ» አለች። «ማኅተም። ፕሊስ።»

«አያስፈልግሽም፣ የኔ ማር፤ እኛ ጋ አለ።»

«እናንተ ጋ አለ። እኔ ጋ የለም።»

ጸሐፊዋ ተንፍሳ ተነሣች፣ ኮፒ አደረገች፣ ማኅተሙን መታችበት።

አውቶቡሱ አመለጣት። ሚስ ሎሪ ቤት የደረሰችው አርባ ደቂቃ አርፍዳ ነው፤ በአምስት ዓመት የመጀመሪያዋ። ሚስ ሎሪ ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ፎርሙን አመጣሽው?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለትምህርት ቤቱ። በእጄ።»

«ኦ።» ቁልፉ እጇ ላይ ተንቃጨለ። «እና... ምን አልሽ?»

«አክሰፕት።»

ሚስ ሎሪ ፈገግ አለች። ጥሩ አደረግሽ አለች። ዮዲ ዕድለኛ ናት አለች። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ሞተሩን አስነሥታ ግን ረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። የዓለምዘርፍ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አየቻት። ያቺ ሴት ክፉ አስባ ነበር ወይስ እንደተናገረችው አዝና ነበር? አታውቅም። ምናልባት ሚስ ሎሪም አታውቅም። መኪናው ሲሄድ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ወጥ ቤት ገባች። ማቀዝቀዣው ላይ ቀዩ ሸርጣን ብቻውን ተለጥፏል፤ ከሥሩ ወረቀት የለም።

ቦርሳዋ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚውለው፣ በሚስ ሎሪ ኮቶች መሀል። ሄዳ ከፈተችውና ኮፒውን አወጣች። ማኅተሙ ላይ ያለውን አንድ ቃል በጣቷ ጠራችው። ሪ፣ ሲቭድ። ኢና ዲ አለው። ተቀብለዋል።

ተሰጥታለች፤ ተቀብለዋል። እንግዲህ አልቋል፣ ተደርጓል። በመስከረም የመጀመሪያው ቀን ያንን አውቶቡስ ከኋላው በሌላ አውቶቡስ ተከትላ እስከ በሩ ድረስ እንደምትሄድ፣ ልጅቱ ስትገባም ስትወጣም ቆማ እንደምታይ ወሰነች። ይህን ለማንም አትናገርም።

ወረቀቱን በአራት አጠፈችው። ወደ ቦርሳው ልትመልሰው ብላ ኮቶቹን አየችና ተወችው። ደረቷ ውስጥ፣ ከቆዳዋ ጋር ወሸቀችው። ከዚያ ጨርቋን አርጥባ ሸርጣኑን አነሣችና፣ ከሥሩ ያለውን ብረት መወልወል ጀመረች።